ሁለት ጊዜ የተከፈለበት የመርከብ ሽርሽር

በጉለሌ በአንድ አሮጌ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንዲት ፎቶግራፍ ተሰቅላለች። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ዓመት የሆነ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በአንድ ትልቅ ነጭ መርከብ ሰገነት ላይ ቆመዋል። ከበስተኋላቸው የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። ነፋሱ የነጠላውን ጥለት ወደ አንድ ወገን ወስዶታል። እናቲቱ አይስቁም፤ የብረቱን አጥር በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይዘዋል።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ለቡና ተጠርቼ ከዚያ ቤት በገባሁ ጊዜ ዓይኔ ያረፈው በዚህችው ፎቶግራፍ ላይ ነበርና የት የተነሣች እንደሆነች ጠየቅሁ። «እሷማ ሁለት ጊዜ የተከፈለባት ናት» አሉኝ ለበዓሉ ከአሜሪካ የመጡት ልጃቸው፣ እየሳቁ። ነገሩን ሲያጫውቱኝ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ወይዘሮዋ የሚኖሩት በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሲሆን፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት የሌሊት ተራ ይሠራሉ። ሁለት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ብቻቸውን ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑኝ በዚህ ጽሑፍ «ወይዘሮዋ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ወደብ በሌለው አገር ለምንኖር ለእኛ የመርከብ ሽርሽር ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ እናቶቻችን ዛሬ ብዙዎች ናቸው። ልጆቹም «እናቴን ባሕር ላሳያት» ብለው በሌሊት ተራ የተገኘችውን ገንዘብ ለዚሁ ያወጣሉ። ያ ገንዘብ ሲባክን ደግሞ የሚጎድለው ከዚያ ቤት ብቻ አይደለም። እዚህ ያለ የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያም፣ የእናት መድኃኒትም የሚመጣው ከዚያው ኪስ ነው።

በእንግሊዝኛው ክሩዝ የሚባለው ይህ ጉዞ መርከቡ ራሱ ሆቴል የሚሆንበት ነው። ተጓዡ ከአንድ ወደብ ተሳፍሮ፣ በመርከቡ ውስጥ እያደረና እየበላ፣ ሁለት ሦስት ደሴቶች ጎብኝቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተነሣበት ወደብ ይመለሳል። ከዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወገኖቻችን ቅርቡ ወደብ ባልቲሞር ነው። ከዚያ የሚነሡት መርከቦች ወደ ባሃማስ፣ ወደ ቤርሙዳና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይጓዛሉ።

በ2012 ዓ.ም. ወይዘሮዋ ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋር ዕቁብ ይጥሉ ነበር። ሰባቱም እናቶቻቸውን ወይም ልጆቻቸውን ይዘው በግንቦት ወር ለሰባት ቀን ወደ ባሃማስ ሊሄዱ ተስማሙ። የወይዘሮዋ እናትም ለዚሁ ብለው ከአዲስ አበባ በጥር ወር ሄዱ። የአንድ ክፍል ዋጋ ለሁለት ሰው 1,800 ዶላር ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ ሴቶች ከመርከብ ኩባንያው ጋር በቀጥታ ተነጋግረው በየራሳቸው ክሬዲት ካርድ ከፈሉ። ወይዘሮዋን ጨምሮ አምስቱ ግን ገንዘባቸውን በጥሬው ለአንድ የሚያውቁት ሰው ሰጡ። ሰውየው የጉዞ ወኪል ነኝ ይል ነበር፤ በሠርግም በለቅሶም አብሯቸው የሚቆም፣ ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ነው። «ቡድን ስለሆናችሁ አስቀንስላችኋለሁ» አላቸው። ደረሰኝ የጠየቀው የለም።

«እንዴት ብዬ ልጠይቀው?» ይላሉ ወይዘሮዋ። «የልጄን ክርስትና አብሮ የበላ ሰው እኮ ነው! ደረሰኝ አምጣ ማለት ሌባ ነህ ማለት መሰለኝ።»

የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የመርከብ ኩባንያዎቹ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡ ጉዞዎችን በራሳቸው ፈቃድ አቆሙ። በማግሥቱ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል የእገዳ ትእዛዝ አወጣ። እገዳው ለጥቂት ሳምንታት ይመስል ነበር፤ ትልልቆቹ መርከቦች ከአሜሪካ ወደብ እንደገና መንገደኛ ይዘው የተነሡት ግን በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። እናቲቱ በሲልቨር ስፕሪንግ በልጃቸው ቤት ተዘግተው ሲቆዩ በየሳምንቱ «ልጄ፣ ባሕሩ ተዘጋ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በመስከረም ባሕሩን ሳያዩ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የሰባቱ ሴቶች ገንዘብ የደረሰበት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለትምህርት የሚሆነውም ይህ ነው። በዚያ ወቅት በርካታ ኩባንያዎች ጉዞው ለተሰረዘበት ሰው ሁለት አማራጭ አቅርበው ነበር። አንዱ የከፈለውን ገንዘብ በጥሬው መመለስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለወደፊት ጉዞ የሚያገለግልና ከከፈለው በሩብ የሚበልጥ ብድር፣ ማለትም 100 ለከፈለ 125 ማስመዝገብ ነበር። በካርዳቸው ከከፈሉት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ ጥሬ ገንዘቡን መረጠች። ወራት ቢፈጅም 1,800 ዶላሯ ሳይጎድል ወደ ካርዷ ተመለሰ። ሁለተኛዋ ትርፉ አጓጓትና ብድሩን ወሰደች። ብድሩ ግን የመጠቀሚያ ጊዜ ተወስኖለት ነበር። እሷም በሆስፒታል ስለምትሠራ በእነዚያ ሁለት ዓመታት እንኳን ለሽርሽር ለእንቅልፍም ጊዜ አልነበራትም። ቀኑ አለፈባት።

በሰውየው በኩል የከፈሉት አምስቱ ለኩባንያው ስልክ በደወሉ ጊዜ የተነገራቸው አጭር ነበር፤ ተመላሽ ገንዘብ የሚሄደው መጀመሪያ ወደተከፈለበት ካርድ ነው። የተከፈለውም በሰውየው ካርድ ነው። እሱ ደግሞ መጀመሪያ «አልመለሱልኝም» ይል ጀመር፤ ቀጥሎ «ግማሹን ነው የሰጡኝ» አለ፤ ከዚያ ስልኩ አይነሣም። ሽማግሌ ተላከ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወይዘሮዋ የተቀበሉት በሦስት ጊዜ 600 ዶላር ነው። ክስ ለመመሥረትስ ምን ማስረጃ ይዘው? ገንዘቡ ሲሰጥ የታየው በአንድ የልደት ግብዣ ላይ፣ በፖስታ ታሽጎ ነው።

በዚህ ላይ አስተያየቴን ልጨምር። ሰውን ማመን የእኛ መልካም ባሕርይ ነው፤ አይጥፋ። ይሁን እንጂ ደረሰኝ መጠየቅ ካለማመን የሚመጣ አይደለም። በዕቁባችን እንኳ ጸሐፊ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ዋስም ይጠራል። ለጎረቤት ዕቁብ ዋስ የምንጠራ ሰዎች ለ1,800 ዶላር ቁራጭ ወረቀት ማሳፈሩ ለእኔ አይገባኝም። ክፍያው ሲፈጸም ከመርከብ ኩባንያው በቀጥታ የሚመጣ፣ የተጓዡ ስምና የምዝገባ ቁጥር ያለበት ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ይዞ ለኩባንያው በመደወል ስሙ መኖሩን ማጣራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወኪል መጠቀም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ደኅና ወኪል ዋጋ ያስቀንሳል፣ በችግር ጊዜም ይከራከራል። ነገር ግን የሚቆረጠው ከተጓዡ ካርድ እንጂ ከወኪሉ ካርድ አይሁን።

ክሬዲት ካርድ ሌላም ጥቅም አለው። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ የተከፈለበት አገልግሎት ያልተሰጠው ሰው ሒሳቡ ከታየበት መግለጫ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው ባንክ በጽሑፍ ተቃውሞ ሊያቀርብ ይችላል፤ ባንኩም መመርመር ይገደዳል። ጥሬ ገንዘብ ግን ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመረምርለት የለም።

ከወረርሽኙ ወዲህ ደንቡም ተሻሽሏል። የአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ደንብ፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ መንገደኛ የሚያሳድር መርከብ ከአሜሪካ ወደብ የሚያደርገው ጉዞ ቢሰረዝ፣ ወይም መነሻው በሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቢዘገይና ተጓዡ አልሄድም ቢል፣ ኩባንያው ገንዘቡን እንዲመልስ ይገደዳል። ስለዚህ ብድር ተቀበሉ ሲባል፣ ጥሬ ገንዘብ የመጠየቅ መብት እንዳለ ማወቅ ይገባል። ከዚያ ቀደም ብሎ የመርከብ ኩባንያዎች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ የመንገደኞች መብት ሰነድ አውጥቶ ነበር። ምክንያት የሆነውም በዚያው ዓመት የካቲት ወር ካርኒቫል ትራያምፍ የተባለው መርከብ በሞተር ክፍሉ እሳት ተነሥቶ፣ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች እንደያዘ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለቀናት ያለ በቂ መብራትና መጸዳጃ በመንሳፈፉ ነው። በሰነዱ መሠረት ጉዞ በመካኒክ ብልሽት ከተሰረዘ ሙሉ ገንዘብ፣ በመካከል ከተቋረጠ ደግሞ ከፊሉ ይመለሳል።

ተጓዡ ራሱ ሲሰርዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሙሉው ክፍያ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ቀን ከ75 እስከ 120 ቀን አስቀድሞ ነው። ከዚያ በፊት የሰረዘ ሰው ቢበዛ ቀብዱን ያጣል፤ አንዳንዱ ቀብድ ይመለሳል፣ አንዳንዱ በርካሽ የተሸጠ ስለሆነ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሙሉውን ይበላል። ወይዘሮዋ ይህን ቀን ዛሬ ከልጆቻቸው የልደት ቀን እኩል በቀን መቁጠሪያቸው ላይ በቀይ ያሰምሩበታል።

በ2016 ዓ.ም. እናቲቱ ወደ ሜሪላንድ ተመልሰው ሄዱ። ወይዘሮዋም በዚህ ጊዜ በራሳቸው ስምና በራሳቸው ካርድ አስመዘገቡ። እናቲቱ በዐቢይ ጾም መርከብ አልሳፈርም ስላሉ ጉዞው የተቆረጠው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ይህም ለሒሳቡ አልጎዳም፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ያለው ዋጋ በጣም ስለሚንር የግንቦቱ ዝቅ ይል ነበር። ልጆቹ የሳምንት ትምህርት ቀርቶባቸዋል። እኔ በበኩሌ ይህን አልደግፍም፤ ለወይዘሮዋም ነግሬያቸዋለሁ።

ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ዳሊ የተባለ የጭነት መርከብ የባልቲሞርን የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ምሰሶ ገጭቶ ድልድዩን ጣለው። በድልድዩ ላይ መንገድ ይጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። የወደቀው ብረት የመርከቡን መተላለፊያ ስለ ዘጋው ወደቡ ከባሕሩ ተቆረጠ። ወይዘሮዋ ወሬውን ያዩት ተራቸውን ጨርሰው ሲወጡ በመጦሪያው ቴሌቪዥን ነው። «መጀመሪያ ስለ ሟቾቹ አለቀስኩ። እነሱም እንደ እኔ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው። ቀጥሎ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ገንዘቤ ደነገጥኩ» አሉኝ።

ከባልቲሞር ይነሡ የነበሩት የመንገደኛ መርከቦች መነሻቸውን ወደ ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ አዛወሩ። ወይዘሮዋ ስልክ ደውለው፣ ደንቡን ጠቅሰው ገንዘባቸው ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ። መልሱ «ጉዞው አልተሰረዘም» የሚል ነበር። በደንቡ ቃል ይህ ትክክል ነው፤ የመነሻ ወደብ መለወጥ ከመሰረዝም ከመዘግየትም አይቆጠርም። ወደ ኖርፎክ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ወይዘሮዋ ተስፋ አልቆረጡም። በዚያው ጉዞ የተመዘገቡ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች በቤተ ክርስቲያን በኩል ፈልገው አገኙና አንድ ትልቅ መኪና በጋራ ተከራዩ። የባልቲሞር ወደብ ለመንገደኛ መርከቦች የተከፈተው ግንቦት 17 ቀን ነው፤ እነሱ ከተመለሱ ሳምንት ሳይሞላ!

ወደ ዋጋው ልመለስ። ወይዘሮዋ የሁለተኛውን ጉዞ ሒሳብ በደብተር ጽፈው አስቀምጠውታል፤ እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው በስልካቸው የተነሣውን ገጽ አወጡ። ማስታወቂያው «በነፍስ ወከፍ 599 ዶላር» ይላል። ይህ ዋጋ የሚሠራው ግን በአንድ ክፍል ለሚያድሩ የመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሆነው የተጨመሩት ልጆች 299፣ 299 ከፈሉ። የአራቱ ድምር 1,796 ዶላር ሆነ። በዚህ ላይ የወደብ ክፍያና ታክስ ለእያንዳንዳቸው 160 ተጨመረ። ድምሩ 2,436 ደረሰ። ቀጥሎ ለመርከቡ ሠራተኞች የሚከፈል ጉርሻ አለ፤ ጉርሻ ይባል እንጂ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ በራሱ የሚታሰብ ነው። በቀን 16 ዶላር ለአራት ሰው ለሰባት ቀን ሲባዛ 448 ዶላር። ጠቅላላው 2,884 ሆነ። ለአራት ሰውና ለሰባት ሌሊት ሲካፈል ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 103 ዶላር ማለት ነው።

ትክክለኛው የዋጋ መለኪያ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ማስታወቂያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ 449ኙ ከ599ኙ ይረክሳል ማለት ያሳስታል፤ አንዱ የአራት ሌሊት፣ ሌላው የሰባት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ሁሉን ደምሮ፣ በሰውና በሌሊት አካፍሎ ማወዳደር ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ ሊከፍል እንደሚችል ይወቅ። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ዋጋው ዝቅተኛው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰገነት ላይ ለሚውል ሰው መስኮቱ ምን ይሠራለታል?

ከ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ወዲህ አንድ ነገር ተሻሽሏል። የካሊፎርኒያ ግዛት ድብቅ ክፍያን የሚከለክል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ስላዋለ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የወደብ ክፍያውንና ታክሱን ከማስታወቂያው ዋጋ ጋር ደምረው ማሳየት ጀምረዋል፤ ያደረጉትም በመላ አገሪቱ ነው። ጉርሻው ግን አሁንም ከውጭ ነው፤ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ለስላሳ መጠጥና አልኮል፣ ኢንተርኔት፣ በየደሴቱ የሚደረግ ጉብኝት፣ በወደቡ የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ለብቻቸው ይከፈላሉ። የመርከቡ ሐኪምም እንዲሁ።

ኩባንያዎቹ ቅናሽ አድርገናል እያሉ አብዝተው የሚያስተዋውቁት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ወቅትም ከበዓላት ቀናት በቀር ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ወቅቱ የማዕበል ጊዜ ስለሆነ መርከቡ አቅጣጫ ሊለውጥና የታሰበውን ደሴት ሊዘል ይችላል፤ ለዚህም በውሉ መሠረት ከወደብ ክፍያው በቀር የሚመለስ ገንዘብ አይኖርም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ከተመዘገቡ በኋላ ዋጋው ቢወርድ ሙሉው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ደውሎ ይስተካከልልኝ ማለት እንደሚቻል ነው። ወይዘሮዋ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ዋጋውን ይመለከቱ ነበር። አንድ ቀን 40 ዶላር ወርዶ አገኙት፤ ደወሉ፤ ተስተካከለላቸው። ከላይ ያለው 599 ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚሄዱ እናቶች አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። መርከቡ ባሃማስ ደርሶ ሲመለስ ተጓዡ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና እየገባ ነው። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ መመለሻ የለውም፤ ወደ መርከቡም ላያሳፍሩት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ከወደብ የተመለሰ ሰው ገንዘቡን አያገኝም፤ ጥፋቱ የራሱ ነውና። የየደሴቱም ቪዛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያስፈልግ እንደሆነ ከመክፈል በፊት ይጣራ። የልጆቹ ሰነድ ስለ ተሟላ የእናትየውም እንደዚያው ነው ብሎ መገመት አይገባም።

ስለ ኢንሹራንስ በአጭሩ፤ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ በውሉ ለተጻፈ ምክንያት፣ እንደ ድንገተኛ ሕመም ላለው፣ ይከፍላል እንጂ «ፈራሁ» ላለ ሰው አይከፍልም። በ2012 ብዙ ሰው የተቆጨው በዚህ ነው። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚያስችል የኢንሹራንስ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ የሚመልሰውም ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናቶች የቆየ ሕመማቸው በውሉ ይሸፈን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅላቸው።

በዚያው በ2012 እስራኤል ለውጭ አገር ሰዎች በሯን በመዝጋቷ የኢየሩሳሌም የፋሲካ ጉዞ ቀርቶ ነበር። ሐጅም ከሳዑዲ ዐረቢያ ውጭ ላሉ ምእመናን አልተፈቀደም። ለመንፈሳዊ ጉዞም ቢሆን የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚጠየቀውም ደረሰኝ አንድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችንም ከዱባይ የሚነሡ መርከቦችን ያዩ ይሆናል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት በዚያ በኩል ታስበው የነበሩ የሽርሽር ጉዞዎች ተሰርዘዋል፣ ሌሎቹም መንገደኛ ሳይዙ በደቡብ አፍሪካ ዞረዋል። መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ መጠየቅ እንግዲህ ከዋጋው እኩል ነው።

እናቲቱን ባሕሩ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቅኋቸው። ስኒውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና «ይህ ሁሉ ውሃ አይጠጣም አሉኝ» አሉ። «እኛ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ እዚያ ደግሞ ዓይንሽ እስኪደክም ውሃ ነው፤ አይጠጣም።» መጀመሪያ ቀን ራሳቸውን አዙሯቸው ተኝተዋል። ሦስተኛው ቀን ሌሊት ግን እንቅልፍ አጥተው ወጥተው ከልጃቸው ጋር እስኪነጋ ሰገነት ላይ ተቀምጠዋል። ልጅየው የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነች፣ እንደሷም መንቃት ለምደው ስለ ነበር፣ ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልነገሩኝም።

የዕቁቡ ሴቶች በመጪው ዓመት እንደገና ለመሄድ አስበዋል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዷ በየራሷ ስም ትመዘገባለች፤ ማረጋገጫውንም ለዕቁቡ ጸሐፊ ታሳያለች። ከቀድሞው ገንዘብ የወይዘሮዋ 1,200 ዶላር እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ ለሚያዝያ ሌላ ቀጠሮ ሰጥተዋል።